የእንግሊዝ ምግብ አይበላም ለሚሉ እንግዶች ምን ብዬ ልመልስ?

የጣቢያው ሠፈር ልጅ (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጥያቄዬ አንዳንዶቻችሁን ያስቃችሁ ይሆናል፤ እኔንም አልፎ አልፎ ያስቀኛል። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ከዚራ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት እንግሊዝ ሀገር ሊድስ ከተማ ኖሬ ካቻምና ተመልሻለሁ። ከዚያ ውስጥ አምስቱን ዓመት የሠራሁት መጠጥም ምግብም በሚሸጥ የሠፈር ቤት፣ እነሱ ፐብ በሚሉት፣ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። አሁን በምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ ጣሊያናዊ፣ አንዲት ፈረንሳዊትና አንድ ሕንዳዊ ባልደረቦች አሉኝ፤ በወር አንድ እሑድ ተራ በተራ እየተጠራራን እንበላለን። ጣሊያናዊው ላዛኛ አበላን፤ ፈረንሳዊቷ ዶሮ በወይን ጠጅ ሠራች፤ ሕንዳዊው ሩዝና ምስር ስንት ዓይነት ቅመም እንደገባበት ቆጥረን ባልጨረስነው አሠራር አቀረበልን።

ተራው ለእኔ ሲደርስ የጠበቁት ዶሮ ወጥ ነበር። እኔ ግን ዶሮ ወጡን በየሆቴሉ በልታችሁታል፣ የማበላችሁ የእንግሊዝ ምግብ ነው አልኳቸው። ሳቁ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። ጣሊያናዊው «ታዲያ በልተን እንምጣ?» ሲል ጠየቀ። ፈረንሳዊቷ የቀድሞው ፕሬዚዳንታቸው ዣክ ሺራክ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሩሲያና ለጀርመን መሪዎች፣ ምግቡ እንዲህ የከፋ ሕዝብ አይታመንም ማለታቸው በጋዜጣ መዘገቡን አስታወሰችን። (በዚያው ሳምንት ለንደን ፓሪስን አሸንፋ የ2012ቱን ኦሎምፒክ ማግኘቷን ግን አላነሣችውም።) ሕንዳዊው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለቅመማችን ሲሉ ስንት ዘመን ገዙን፤ አንዱንም ግን ድስታቸው ውስጥ አልጨመሩትም» አለ።

የገረመኝ የራሴ መቆጣት ነው፤ የእናቴ ወጥ የተሰደበ ያህል ነበር የተሰማኝ። ምክንያቱን ሳስበው ፊቴ ላይ ድቅን የምትለው የዚያ ፐብ ዋና ወጥ ሠሪ ናት፤ ስድሳ ዓመት ያለፋት ሴት ነበረች። እሑድ ረፋድ ላይ የበሬ ሥጋው ሮስቶ ከኦቨን ሲወጣ ከሥሩ የተጠራቀመውን ስብ በየብረት ቅርጹ ታከፋፍልና ጢስ እስኪወጣው ታግለዋለች፤ ከዚያ እንቁላል፣ ዱቄትና ወተት እኩል በእኩል ተለክተው የተመቱበትን ቀጭን ሊጥ ስትጨምርበት፣ የጋለ ምጣድ ላይ ውሃ እንደ ተረጨ ይንጫጫል። በሩን ትዘጋና ማንም እንዳይከፍተው እጇን አጣምራ ለሃያ ደቂቃ ፊት ለፊቱ ትቆማለች፤ ቀዝቃዛ አየር ከገባበት ያበጠው ሁሉ ሟሽሾ ይቀራልና። የዮርክሻየር ፑዲንግ ይሉታል። ስሙ ፑዲንግ ይሁን እንጂ ጣፋጭ አይደለም፤ ከውጭ የሚንኮሻኮሽ፣ ከውስጥ የሚለሰልስ፣ የሥጋውን መረቅ ሆዱ ውስጥ የሚያቁር ነገር ነው። በ2008 የብሪታንያ የኬሚስትሪ ማኅበር ቁመቱ ከ10 ሴንቲሜትር ያነሰውን የዮርክሻየር ፑዲንግ ማለት አይገባም ብሎ እስከ መበየን ደርሷል። እንዲህ የሚጨነቁበት ምግብ ያላቸው ሰዎች ምግብ አያውቁም ሲባል ዝም ማለት አቃተኝ።

ሁለት ነገር እጠይቃችኋለሁ። አንደኛው፣ ይህ ሁሉ መጥፎ ስም ከየት እንደመጣና ምን ያህሉ እውነት እንደሆነ በቅጡ የሚያስረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ፤ ስድብን በስድብ መመለስ አልፈልግም። ሁለተኛው፣ እዚህ ድሬ ገበያ ላይ በሚገኘው ነገር፣ በዚህ ሙቀት፣ ምን ብሠራ ይሻላል ትላላችሁ? ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል።

ጡረተኛ የታሪክ መምህር (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

ልጄ፣ ጥያቄሽ የሚያስቅ አይደለም። ሠላሳ አራት ዓመት ታሪክ ያስተማርኩ ሰው እንደመሆኔ የምመክርሽ ሙግቱን ከጣዕም እንዳትጀምሪው ነው፤ በጣዕም ተከራክሮ የተረታ ሰው አይቼ አላውቅም። መጀመሪያ ስሙ የወጣበትን ጊዜ ንገሪያቸው። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፍልሻለሁ።

እንግሊዝ ከሌሎች ሀገሮች ሁሉ ቀድማ ገበሬዋን ወደ ፋብሪካ ከተማ ያስገባች ሀገር ናት። በ1851 በተደረገው ቆጠራ ከሕዝቡ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በከተማ ሲኖር ተገኝቷል። ይህ ለድስቱ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ የራሳችንን ቤት ተመልከቺ። ዛሬም ድሬዳዋ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖረው ሰው ቅቤው፣ በርበሬውና ማሩ ገጠር ካለ ዘመድ ይመጣለታል፤ ባይመጣለት እንኳ ቅቤ አነጣጠሩን የምታውቅ አክስት አትጠፋውም። የማንቸስተርና የሊድስ ወዛደር ግን ይህ ገመድ ከተበጠሰበት ብዙ ትውልድ አልፏል። ጓሮ አልነበረውም፣ ላም አልነበረውም፣ ብዙው ኦቨን እንኳ አልነበረውም፤ እሑድ ጠዋት ሥጋውን በትሪ አድርጎ ለዳቦ ጋጋሪ ይሰጥና ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በስሎ ይቀበል ነበር። የቀረውን ስድስት ቀን የሚያኖረው በአብዛኛው ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ነበር። በ1882 በበረዶ የቀዘቀዘ የበግ ሥጋ ከኒውዚላንድ በመርከብ መምጣት ጀመረ፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳም ሀገሪቱ ከምትበላው ከግማሽ በላይ የሚሆነው የባሕር ማዶ ነበር።

እንግዲህ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች በዚያ የባሕር መንገድ ላይ ዘመቱ። ከጃንዋሪ 8 ቀን 1940 ጀምሮ ቅቤ፣ ስኳርና የአሳማ ሥጋ በራሽን ሆነ፤ ሌላውም ተራ በተራ ተከተለ። ለአንድ ሰው በሳምንት ይደርሰው የነበረው ቅቤ ወደ 57 ግራም፣ ፎርማጆውም እንዲሁ ወደ 57 ግራም፣ እንቁላሉ አንድ ነበር። ባለቤቴ ይህን ሳነብላት 57 ግራም ቅቤ ለአንድ ሽሮ ነው አለችኝ። ወተቱ በመንግሥት ትእዛዝ ወደ አንድ ዓይነት ጠንካራ ፎርማጆ እንዲዞር በመደረጉ፣ በየገበሬው ቤት ይሠሩ ከነበሩት የፎርማጆ ዓይነቶች ብዙዎቹ ተረሱ። ጦርነቱ ሲያበቃም ችግሩ አላበቃም፤ በጦርነቱ ዘመን ያልተነካው ዳቦ እንኳ ከ1946 እስከ 1948 በራሽን ሆነ። የመጨረሻው፣ የሥጋው ራሽን የተነሣው በጁላይ 4 ቀን 1954 ነው። በ1940 የአራት ዓመት ሕፃን የነበረች ልጅ ያን ቀን አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷታል፤ ከእናቷ የተማረችው ሙያ ቅቤና እንቁላል በሌለበት ቤት ማብሰል ነው።

አሁን ደግሞ ምስክሮቹ እነማን እንደነበሩ ልብ በይ። እስከ ጁን 1944 ድረስ ወደ አንድ ሚሊዮን ተኩል የሚጠጉ የአሜሪካ ወታደሮች እንግሊዝ ሀገር ሰፍረው ነበር። ሀገሪቱን ያዩት በክፉ ቀኗ ነው፤ ሲመለሱም ያዩትን አወሩ።

የእኛም አባቶች ምስክርነት ከዚህ የተለየ አልነበረም። በ1941 ማርች መጨረሻ ላይ ጣሊያን ሲወጣ ሐረር የገቡት የናይጄሪያ ወታደሮች ነበሩ፤ ድሬዳዋ የገቡት ደግሞ ደቡብ አፍሪካውያን። ሁሉም የእንግሊዝ ጦር ይባሉ ነበር። አባቴ ያኔ ጣቢያው ላይ ዕቃ የሚሸከም ልጅ ነበርና አንድ ወታደር በቢላ የተከፈተ የቆርቆሮ ሥጋ ሰጠው። ሥጋው በሙቀቱ ቀልጦ ስቡ ከላይ እንደ ሻማ ይንሳፈፍ እንደነበር እስኪሞት ድረስ ሲተርክ፣ የሚጨርሰው «የእንግሊዝ ምግብ ማለት ቆርቆሮ ነው» በሚል ቃል ነበር። የሰጠው ሰው እንግሊዛዊ እንዳልነበረ፣ እሱም የእንግሊዝ ሴት ወጥ ቤት በዓይኑ አይቶ እንደማያውቅ ልነግረው ብሞክርም አልሰማኝም።

እኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አይጠበቅብንም። ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ፣ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ከፍተናል ሲባል «ምን ምግብ አላችሁና?» የሚል ሰው በየሀገሩ አጋጥሞናል። አንድን ሕዝብ በክፉ ዓመቱ አይቶ በዚያው መቅረት ምን እንደሆነ ቀምሰነዋል።

የቅመም ነጋዴዋ (ሐረር፣ ጀጎል)

የሕንዳዊውን ጉዳይ ለእኔ ተዉልኝ። ጊዲር መጋላ አጠገብ ቅመም ስሸጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ ማንቸስተር የምትኖረው ልጄ ስትወልድ ደግሞ ሦስት ወር እሷ ዘንድ ቆይቼ የእነሱን ማዕድ ቤት ከውስጥ አይቻለሁ።

በ1390 አካባቢ የእንግሊዙ ንጉሥ የሪቻርድ ሁለተኛ ወጥ ሠሪዎች ያጻፉት የምግብ አሠራር እስከ ዛሬ አለ፤ ዝንጅብል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሳፍሮን የሞሉበት ነው። ከሳፍሮኑ በቀር ያ ቅመም በሕንድ በኩል መጥቶ በዚሁ በእኛ ባሕር አልፎ፣ በእስክንድርያና በቬኒስ በኩል ነበር የሚደርሳቸው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ባለሙያዎች ሥጋው የራሱን ጣዕም እንዲይዝ ብለው ቅመሙን ቀንሰው ወደ ቅቤና ወደ ቅጠላ ቅጠል ሲያዘነብሉ ሌላው አውሮፓ ተከተላቸው፤ እንግሊዝም ተከተለች። ስለዚህ ፈረንሳዊቷ ስትስቅ፣ ቅመሙን ያስጣሏቸው የእናንተው ሰዎች ናቸው በያት።

ደግሞም ቅመሙ ከቤት አልወጣም፤ ክፍል ቀየረ እንጂ። የገና ፑዲንጋቸውን ስትቀምሺው ዘቢብ፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ገውዝ አፍሽን ይሞላዋል፤ ዓይኔን ጨፍኜ ቢያጎርሱኝ የሠርግ ሐለዋ ነው እል ነበር። ልጄ ቤት ዎርስተርሻየር የሚባል ጥቁር ማጣፈጫ ነበር፣ በ1837 ለገበያ የወጣ ነው። ክዳኑን ከፍቼ ሳሸተው እኛ ገበያ ያለሁ መሰለኝ። የጀርባውን ጽሑፍ አንብቢልኝ አልኳት፤ ሮቃ አለበት! እኛ የምንዘፈዝፈው፣ ጭማቂውን በሙቀት የምንጠጣው ሮቃ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከአቼቶና ከትናንሽ ጨው ዓሣ ጋር። ሰናፍጫቸውም ቢሆን ቀልድ አይደለም። በጥብሱ የበሬ ሥጋ ጠርዝ ላይ በማንኪያ ጫፍ አድርገው ነው የሚበሉት። አማቼ ምንም አይልም ብሎኝ እንደ እኛ ሰናፍጭ ዛቅ አድርጌ ጎርሼ እንባዬ ወረደ።

ወደ ስኮትላንድ፣ ወደ ኤዲንብራ በሄድን ጊዜ ደግሞ አማቼ ከሐላል ሥጋ ቤት ሀጊስ ገዝቶ መጣ። የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ተከትፎ፣ በአጃ፣ በሞራ፣ በሽንኩርትና በቁንዶ በርበሬ ተለውሶ፣ በጨጓራው ውስጥ ታሽጎ ይቀቀላል። የውጭ ሰዎች ሲጸየፉት ሰምቻለሁ። ዱለት የሚበላ ሰው ግን በምን አፉ? ልዩነቱ እኛ ዱለታችንን በልተን ዝም እንላለን፤ እነሱ ሮበርት በርንስ የሚባለው ገጣሚያቸው ስላሞገሰው በየዓመቱ ጃንዋሪ 25 ግጥሙን እያነበቡ ይበሉታል።

የተዋሱት ነው የሚል ቢመጣብሽም አትደንግጪ። ዓሣ በሊጥ ነክሮ መጥበስን ያመጡላቸው ከፖርቱጋልና ከስፔን የተሰደዱ አይሁዶች ናቸው፤ ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን የሕንድ ምግብ ቤት በ1810 የከፈተውም ዲን ማሆመድ የተባለ ሕንዳዊ ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የበሉትን ነገር የእኛ ነው ቢሉ ምን ይገርማል? ሳምቡሳና ፈጢራ ከየት መጡ ብሎ የሚጠይቅ የሐረር ሰው አላየሁም።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ እኅቴ። ሕንዳዊው የበሬ ሥጋ ይበላል? ጠይቂው። ካልበላ የበሬ ስቡንም ሞራውንም ከቤትሽ አውጪው።

ሁለት ዓመት በለንደን (ሐረር)

መምህሩን አከብራለሁ፤ የጻፉትም እውነት ነው። ሆኖም ሁሉንም ነገር በጦርነት ማሳበብ ለጠያቂዋ አይበጃትም። እኔ ለትምህርት ለንደን የገባሁት በ1986 ነው፤ ራሽን ከቀረ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ያከራየችኝ ሴትዮ ጥቅል ጎመኑን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ምድጃ ላይ ጥዳ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ስታቀርበው ከተቀቀለበት ውሃ የሚለይበት ቀለም አልነበረውም። ደግና ቸር ሴት ነበረች፤ ጎመኑን ግን ገድላዋለች። ዳቦውም ከ1961 ጀምሮ ቾርሊዉድ በተባለው ዘዴ፣ ሊጡ ሌሊቱን ሙሉ ከሚቦካ ይልቅ በኃይለኛ ማሽን ተመትቶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ለሱቅ የሚደርስ ሆኗል፤ ነጭ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ስትጨብጠው እጅህ ውስጥ ያልቃል። ይህን ያደረገባቸው ጠላት አይደለም፤ ርካሽና ፈጣን ነገር ወደዱ።

እንግዶችሽ ፊት ይህን አስቀድመሽ ብታምኚላቸው የቀረውን ያምኑሻል።

የቀረው ደግሞ ትንሽ አይደለም። በዚያ ሀገር ጥሩው ምግብ ለረጅም ዘመን ከእንግዳ ዓይን የራቀ ነበር። ትልልቆቹ ሆቴሎች የፈረንሳይ ምግብ በፈረንሳይኛ ስም ጽፈው ያቀርቡ ነበር፤ እንግሊዝኛው ምግብ የሚበላው እሑድ ቀን በሰው ቤት ነው። እንግዳ ደግሞ ሆቴል ያድራል። የቱሪስት ሆቴል በልቶ የሐረርን ምግብ አወቅሁ የሚለውን ሰው እናውቀዋለን፤ የጎረቤት ገበታ ላይ አልተቀመጠም። በ1994 ለንደን ውስጥ የስሚዝፊልድ ሥጋ ገበያ አጠገብ ሴንት ጆን የሚባል ምግብ ቤት ተከፍቶ፣ ያለ ምንም ሐፍረት የእንግሊዝን የድሮ አበሳሰል፣ ከብቱን ከአፍንጫ እስከ ጅራት ማቅረብ ሲጀምር ነው ብዙ ሰው የነቃው። ዝነኛው ምግባቸው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ቅልጥም! የተጠበሰ ቅልጥም ከፓርስሊ ሰላጣና ከተጠበሰ ዳቦ ጋር። በኋላ ለሥራ በሄድኩ ጊዜ በልቼዋለሁ፤ ልጅ ሆኜ ከወንድሞቼ ጋር የተጣላሁበትን አጥንት በነጭ ሳሕን ሲያመጡልኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

የጣቢያው ሠፈር ልጅ

ጋሼ መምህር፣ እናቴ የቅመም ነጋዴዋ፣ ወንድሜ የለንደኑ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሕንዳዊውን ጠየቅሁት፤ የበሬ ሥጋ አይበላም፣ የበግ ይበላል። ስለዚህ የበሬ ሮስቶው ቀረ። በጉን ሼፐርድስ ፓይ በሚሉት አሠራር ለመሥራት አስቤያለሁ፤ የተፈጨው የበግ ሥጋ በሽንኩርትና በካሮት ይቁላላና በትሪ ይነጠፋል፣ በላዩ የተቀቀለና የተደቆሰ ድንች ይለበጥበታል፣ በሹካ ይጫርና ጫፉ እስኪጠይም ኦቨን ይገባል። አጠገቡ ናና በደቃቁ ከትፌ በአቼቶ፣ በስኳርና በጥቂት ሙቅ ውሃ እበጠብጣለሁ፤ ከበግ ጋር የሚቀርብ ማባያቸው ነው፣ ናናው ደግሞ በየጓሮአችን አለ። የከበደኝ የዮርክሻየር ፑዲንጉ ነው። የቤቴ ኦቨን ትንሽ ነው፤ መብራትም የሚጠፋው እሑድን መርጦ ነው። የበሬ ስቡንስ በምን እተካዋለሁ?

ዳቦ ጋጋሪ (ድሬዳዋ፣ ደቻቱ)

እኅቴ፣ በላት ተኪው። የእኛ ሀገር ጥቁር ራስ በግ ላቱ ምን ያህል እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ቆራርጠሽ በዝግታ ካቀለጥሽው ጥርት ያለ ስብ ይወጣዋል፣ ሲግልም ቶሎ አያርም። ዘይትም ይሆናል፤ ሽታው ግን ያንን አይሰጥሽም።

ስለ ኦቨኑ ደግሞ መምህሩ የጻፉትን ሳነብ ሐሳብ መጣልኝ። የእኔ ምድጃ በእንጨት የሚነድ ነው፤ የጠዋቱ ዳቦ አራት ሰዓት ላይ ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ እስከ ማታው ሊጥ ድረስ ግለቱን ይዞ ባዶውን ይቀመጣል። ትሪሽን ይዘሽ ነይ። ግለቱን የምለካው ወለሉ ላይ ጭብጥ ዱቄት በትኜ ነው፤ ወዲያው ከጠቆረ ገና ነው፣ ቀስ ብሎ ወርቃማ ከሆነ ልክ ነው። ለአንቺ ግን ወደ መጀመሪያው የቀረበው ይሻላል። ፓዩ ከኋላ ይግባ፤ ያ በሩ አይከፈት ያልሽው በመጨረሻ ለብቻው ይገባል። የፉርኖ ዱቄቱን አንቺ አትግዢ፣ ከእኔ ውሰጂ።

የሻሂ ወዳጅ (ድሬዳዋ፣ መጋላ)

ይህ ሁሉ ሲባል ሻሂ በወተት አለመነሣቱ ገረመኝ። ከምግቡ በኋላ አቅርቢው፤ በእሱ የሚከራከርሽ የድሬ ሰው የለም። የውጭዎቹን አላውቅም።

የጣቢያው ሠፈር ልጅ

ትናንት ነበር፤ ቃል በገባሁት መሠረት የሆነውን እጽፋለሁ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ትሪዬን በፎጣ ሸፍኜ በባጃጅ ደቻቱ ደረስኩ። የመጀመሪያው ፑዲንግ ከሸፈ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አንድ የምድጃው ሠራተኛ ልጅ ምን እንደሚንጫጫ ሊያይ በሩን ከፈተ፣ እኔም ከእሱ እኩል ጎንበስ ብዬ አየሁ። ስምንቱም እንደ ተረገጠ ቆብ ተኙ። ሁለተኛውን ዙር እጄን አጣምሬ በሩ ፊት ቆምኩ፤ ዳቦ ጋጋሪውም አጠገቤ ቆመ። ሲወጡ አንደኛውን በጣቴ ለካሁት፣ የኬሚስትሪ ማኅበሩን ደንብ የሚያሟላ ይመስለኛል። ዳቦ ጋጋሪው አንዱን ቆርሶ የላቱን ስብ ሲያጣጥም ቆየና ለምን በዚህ ላይ ማር አይደረግበትም አለኝ፤ እንደ ፈጢራ መሆኑ ነው። እዚያም ሀገር ቢሆን የተረፈውን ሞላሰስ መሳይ ጣፋጭ አፍስሰው የሚበሉት አሉ።

ገበታው ላይ እንደተመከርኩት ከጎመኑ ጀመርኩ፤ ተቀቅሎ ስለሞተው ጥቅል ጎመን፣ ስለ ዳቦው፣ ስለ ራሽኑ ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሺራክ አልተነሡም። ጣሊያናዊው የናናውን ማባያ ሲያይ «ሥጋ ላይ አቼቶና ስኳር?» ብሎ ፊቱን አጨማደደ፤ ከቀመሰው በኋላ ግን ዝም አለና ሲሲሊያዊት አያቱ ዱባ በአቼቶ፣ በስኳርና በናና ትሠራ እንደነበር ነገረን፣ ማባያውንም ወደ ራሱ አስጠጋው። ፓዩን ጥሩ ነው አለ፤ ከላዛኛ ጋር ግን አይወዳደርም አለ። አልተከራከርኩትም። ሕንዳዊው ቅመሙ ስለ ተዛወረበት ክፍል የቅመም ነጋዴዋ ያሉትን ስነግረው በጣም ሳቀ፤ ሆኖም ከፓዩ ጋር ሚጥሚጣ ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። ሻሂው ሲመጣ ግን ሁለት ብርጭቆ ጠጣ።

ለመጨረሻ ያቀረብኩት ክራምብል ነበር፤ ዱቄት፣ ስኳርና የገበታ ቅቤ በጣት ታሽቶ እንደ አሸዋ ሲሆን በፍራፍሬ ላይ ተበትኖ የሚጋገር ነገር ነው፤ እንደ ፓይ ቂጣ ብዙ ስብ ስለማይፈልግ በዚያው በራሽኑ ዘመን የተስፋፋ። ፖም ውድ ስለሆነብኝ በማንጎ ሠራሁት። ፈረንሳዊቷ ስለ ምግቡ እስከዚያ ድረስ ክፉም ደግም አልተናገረችም ነበር። ክራምብሉን በልታ እንደገና ጨመረች፣ ከዚያም የተረፈውን ከነሳሕኑ ይዛ ሄደች። ሳሕኑ እስካሁን አልተመለሰም።